ወንድሜ በአንገቱ የታጨበት እሁድ

እስካሁን እየተንቀጠቀጥሁ ነው፣ እመኑኝ፣ ውሃ በብርጭቆ ስጠጣ ግማሹ የሚቀረው አገጬ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ትናንት ከሰዓት በኋላ የዳቦ ትሪ እንደያዝሁ በሦስት ሽማግሌዎችና በአባቴ ፊት ቆሜ ስለ ፖላንድ አውርቻለሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በምርቃት መሀል። እስኪ ትንፋሼን ልሰብስብ። ሰበሰብሁ። ልቀጥል።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከሰላምታ ነው። እኛ ባሕር ዳሮች በሰላምታ አንቀልድም። "ደህና ነሽ" ብሎ ብቻ የሚያልፍ ሰው እዚህ የለም፤ አለ የምትሉ አንድ ቀን ጠዋት ከዓባይ ማዶ ተነስታችሁ ድልድዩን በእግራችሁ ለመሻገር ሞክሩ። እንዴት አደርሽ ይባላል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል፣ እናትሽስ ደህና ናት፣ አባትሽስ ደህና ናቸው፣ ትምህርትስ፣ ላሚቱስ ወለደች ወይ። ላም የለንም። ጠያቂውም እንደሌለን ያውቃል። ግን ሰላምታው ላሚቱ ጋ ሳይደርስ ቢቋረጥ የጎደለ ይመስላል፣ ስለዚህ "ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ አልፋለሁ። ዋናው ነገር የጀመራችሁትን ሰላምታ መጨረስ ነው። ግማሽ ሰላምታ ሰጥቶ መሄድ የሰው በር አንኳኩቶ እንደመሮጥ ነው፤ ባለቤቱ ይወጣል፣ ያያችኋል፣ "ምን ፈልገህ ነበር?" ይላችኋል። ወንድሜን ያገኘው ይሄ ነው።

ወንድሜ ዳዊት ይባላል። በዚህ ስም የምንጠራው ግን ዩኒቨርሲቲው፣ አባቴና እኔ ብቻ ነን። የሰፈሩ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ "ቀዩ" ነው የሚለው፤ እናቴም "ቀዩ ልጄ" ነው የምትለው። እኔ ጠይም ነኝ፣ ስለዚህ ቤዛ የሚለው ስሜ ተረስቶ "የቀዩ እህት" ሆኜ አድጌያለሁ። መቼም በቀለም አንታማም፤ ቀይ አለን፣ ቀይ ዳማ አለን፣ ብስል ቀይ አለን፣ ጠይም አለን፣ የጠይም ቆንጆ አለን፣ ጥቁር አለን። ይሄንን ሁሉ ያወጣነው እኛው በኛው ነው፣ የውጭ ሰው ሳያግዘን፣ አንዱ የአንዱን ጉንጭ እያየ። ቀዩ ከሁለት ዓመት በፊት ምህንድስና ሊማር ፖላንድ ሄደ። ሰሞኑን ለእረፍት ተመለሰ። ጥቁር ሆኖ።

መልኩ እንኳ አልተለወጠም፤ እንዲያውም ብርዱ ትንሽ አንጥቶታል። ግን አየር ማረፊያው በር ላይ እናቴ "ቀዩ ልጄ" ብላ ስትጠመጠምበት፣ ቀስ ብሎ ጆሮዋ ላይ፣

"እማዬ፣ እኔ እኮ ቀይ አይደለሁም። ጥቁር ነኝ" አላት።

እማዬ ግንባሩን ዳሰሰች። ትኩሳት የለውም።

"ፀሐይ መታህ?"

"ፖላንድ ፀሐይ የለም እማዬ።"

"ታዲያ ማን ነው ያጠቆረህ?"

"ፖላንዶች" አለ።

አባቴ ይሄን አልሰሙም፤ ሻንጣ ለመቀበል ቀደም ብለው ነበር። እኔ ሰምቼ ላብ አጠመቀኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ የዚህ ሁሉ ፍርሃት ሥሩ እሱ ስለሆነ።

ዘንድሮ አስራ አንደኛ ክፍል ነኝ። እስከ አምና ድረስ ስም ሲጠራ "አለሁ" ማለት የሚያቅተኝ ልጅ ነበርሁ፤ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ናት "አለች" የምትልልኝ። ዘንድሮ የእንግሊዝኛ መምህራችን በግድ ጎትተው ሚኒ ሚዲያ ላይ ዜና አስነበቡኝ። ድምፄ በድምፅ ማጉያው ወጥቶ ሜዳውን ዞሮ ወደኔ ሲመለስ ሰማሁትና ወደድሁት። ከዛ ወዲያ ማን ያስቁመኝ። እየፈራሁ ነው የማነበው፣ ግን አነባለሁ። ኖርዌይ ያለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ለሁለት ዓመት ተማሪ ሊወስድ ሲመጣ ተፈተንሁ፣ አለፍሁ። የቀረው የአባቴ ቃል ብቻ ነበር። ዳይሬክተራችን "ሰኞ ጠዋት መልስሽን ይዘሽ ነይ፤ አለዚያ ዕድሉ ለተጠባባቂዋ ነው" አሉኝ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ሐይቁ ዳር ካለ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምራሉ። ለመናገር አይቸኩሉም፤ አንድ ነገር ስትጠይቋቸው መልሱን መጀመሪያ በግዕዝ አስበው ከዛ ወደ አማርኛ የሚያወርዱት ነው የሚመስለው። ስለ ኖርዌይ ስነግራቸው ከስንት ዝምታ በኋላ ያወረዱልኝ ይሄንን ነው፦ "ወንድምሽ ይምጣና ልየው። ልቡናው እንደሄደ ከተመለሰ አንቺም ትሄጃለሽ። ልቡናውን እዛ ጥሎ ከመጣ ግን፣ ለባሕር ማዶ አንድ ልጅ ይበቃል።"

መጣ እንግዲህ። ጥቁር ሆኖ። ያ ብቻ ቢሆን እሺ፣ ምላስን መያዝ ይቻላል። ጉዱ አንገቱ ነው።

በመጣ በማግስቱ ወደ ድልድዩ አብረን ስንሄድ፣ ከፊት ለፊታችን ለሚመጣ አንድ ሰውዬ አገጩን ዝቅ አድርጎ ቀና አደረገ። ቃል አልወጣውም። ዝቅ፣ ቀና።

"ታውቀዋለህ?" አልሁት።

"አላውቀውም።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው?"

"ጥቁር ነዋ።"

ሰውየውን አየሁት። ከዛ መንገዱን አየሁ። ድልድዩን ሙሉ፣ ከዚህ እስከዛ ጫፍ፣ የሚሄደውን የሚመጣውን ሕዝብ አየሁ።

"ዳዊት፣ ይሄ እኮ ባሕር ዳር ነው። ለሁሉም ልታደርገው ነው?"

"ገብቶኛል" አለ፣ እያለም ለሌላ ሰው አደረገ። "እኔ አይደለሁም። አንገቴ ነው።"

የነገረኝን ልንገራችሁ። ፖላንድ የደረሰ ሰሞን ነው። ትራም የሚሉት መሀል ከተማ የሚሄድ ባቡር አላቸው፤ እሱን ሲጠብቅ አንድ የማያውቀው ጥቁር ሰውዬ ከማዶ አገጩን ዝቅ ቀና ያደርግለታል። ዳዊት ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን ሰው ፈለገ። ከኋላው ሰው የለም። በሌላ ቀንም ሰውየው ያንኑ አደረገ። ወንድሜ ምን ቢያስብ ጥሩ ነው? "ይሄ ሰውዬ ከሌላ ሰው ጋር አምታቶኛል፤ እሱ ጥቁር ነው፣ እኔ ሐበሻ ነኝ፣ ያውም ቀይ።" ይሄን ሲነግረኝ አፍሮ ጫማውን ነበር የሚያየው።

ከዛ ፖላንድ ቀስ በቀስ አስረዳችው። አንድ ሕፃን ትራም ውስጥ የዳዊትን እጅ አሸት አሸት አደረገና ጣቱን ገልብጦ አየ፣ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ። የክፍል ጓደኞቹ ግብዣ ጠርተው "የአፍሪካ ጭፈራ አሳየን" አሉት። ዳዊት የሚያውቀው እስክስታ ብቻ ነው፣ እሱንም ሠርግ ላይ ተጎትቶ ሲገባ፤ ግን እምቢ ማለት አፍሮ ትከሻውን ሰበቀ፣ ይኸውና ዛሬ ፖላንድ ውስጥ አንድ ሙሉ የምህንድስና ክፍል ጉንዳን እንደገባበት ሰው ትከሻውን እያራገፈ "አፍሪካ" ይላል። እዚህ ጋ ሁለታችንም ሳቅን። አንድ ምሽት ግን ትኬት ተቆጣጣሪ ትራሙ ውስጥ ገባ። ያን ሁሉ ሕዝብ አልፎ ሄዶ፣ ጥግ ላይ የቆመውን ያንን ሰውዬ ትኬት ጠየቀው። ከዛ እንደገና ሌላውን ሁሉ አልፎ መጥቶ ዳዊትን ጠየቀው። ከዛ ወረደ። ሁለቱም ትኬት ነበራቸው። ሰውየው ከጥጉ ሆኖ ዳዊትን አየውና አገጩን ዝቅ፣ ቀና።

"ቤዚ" አለኝ ዳዊት፣ "የዛን ዕለት ጠዋት ከተነሳሁ ጀምሮ ሰላም ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር። እኔም አገጬን ዝቅ አደረግሁለት። ከየት አገር እንደሆነ እንኳ እስካሁን አላውቅም።"

ነገሩ ይሄ ነው። እዛ አንዱ ጥቁር ሌላውን ጥቁር ሲያይ እንዲህ ያደርጋል፤ "አይቼሃለሁ፣ እኔም አለሁ" ማለት ነው። ደስ ሲል። ጥቁር ሰው በሚናፈቅበት አገር።

እኔ ደግሞ የራሴ ፍርሃት ነበረብኝ። "እኔም እሆናለሁ ማለት ነው?" አልሁት።

"ከአውሮፕላኑ ስትወርጂ" አለ። "አንቺማ ጠይም ነሽ፣ ከኔ ቀድመሽ ትደርሻለሽ።"

ይሄን እንደ ማጽናኛ ነበር የነገረኝ።

አሁን የዚህን አንገት ሥራ ቁጠሩልኝ። ባጃጅ ሾፌር አገጩን ዝቅ ያደረገለትን ሰው የሚረዳው በአንድ መንገድ ነው፣ ይቆማል። "ወደ ፋሲሎ ሰፈር ነህ?" ይላል። ዳዊት "አይ፣ ሰላም ልልህ ነው" ይላል፣ እያለም ከኋላ ለመጣው ባጃጅ ዝቅ ቀና ያደርጋል። እሱም ይቆማል። የፊተኛው መሄድ አቃተው፣ የኋለኛው ጥሩንባውን ነፋ፣ የሦስተኛው ሾፌር ራሱን አውጥቶ "ወንድም፣ ትሳፈራለህ ወይስ ትሰግዳለህ?" አለው። አንዲት በቆሎ ጠባሽ ደግሞ ዝቅ ቀና ሲልላት እጁን ይዛ "አወቅኸኝ? የማን ልጅ ነህ?" አለችና ዝምድና ሳታገኝ አልለቀው አለች። አገኘች። በእናቴ አክስት በኩል ነው። ልትጎበኘን ትመጣለች። አንገቱ ያረፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሐይቁ ዳር፣ ጀልባ ከሚጠብቁ ነጭ ቱሪስቶች ፊት።

እንግዲህ የኔ ሥራ ይሄንን አንገት እስከ ሰኞ ጠዋት ከአባቴ ዓይን መሰወር ሆነ። ቅዳሴ ሲሄዱ እኔ መሀል እገባለሁ። ቤት ሰው ሲመጣ ዳዊትን ወደ ጓሮ እልካለሁ። በሰኔ ሙቀት አንገቱ ላይ የእማዬን ሻርፕ ጠምጥሜበት "ጉሮሮውን ብርድ መትቶታል" አልሁ። እማዬ ዝንጅብል አፈላችለት። ጠጣ፣ ምስኪን። አባቴ ያዩታል፣ ያልፋሉ፣ መልሰው ያዩታል። ምኑም አላመለጣቸውም ብዬ የምጠረጥረው አሁን ነው፤ ያኔ ግን እንደተሳካልኝ ነበር የማስበው፣ በራሴም ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር።

የረሳሁት ስመኝን ነው። ስመኝ የጎረቤታችን የጋሽ ታደለ ልጅ ናት። ጤና ኮሌጅ ነርስነት ትማራለች፤ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጋዋኗን በክንዷ ይዛ ማዕዘኑ ላይ ትራንስፖርት ትጠብቃለች። ዳዊት ደግሞ በዛው ሰዓት ዳቦ ሊገዛ ይወጣል። ዝቅ፣ ቀና። በየጠዋቱ። እኔ አይቻለሁ፤ ግን ስመኝ አባቴ አይደለችም፣ ስለዚህ ዝም አልሁ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ታደለ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ቤታችን መጡ። ኮት ለብሰዋል፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረታ ሲወጡ የተሸኙበት ኮት ነው። አንደኛው ሽማግሌ ጋሽ ፈንቴ ናቸው፤ የሰፈሩን ምርቃት በሙሉ እሳቸው ናቸው የሚመርቁት፣ ድምፃቸው ማጉያ አይፈልግም። ሁለተኛው አያ ስንሻው ናቸው፣ ዝምተኛ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሚቀመጡ። እማዬ ዳቦ ቆርሳ ትሪውን እኔ እጅ ላይ አስቀመጠች፣ "ግቢ፣ ቀስ ብለሽ ስሚ" ብላ።

ጋሽ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"መሪጌታ፣ የሴት አባት ሽማግሌ ይዞ ወደ ወንድ ቤት ሲመጣ ደንብ እንዳልሆነ አላጣነውም። ልጅዎ ግን ከውጭ የመጣ ነው፣ ደንቡ ጠፍቶበት ይሆናል፣ እናግዘው ብለን እኛው መጣን።"

"ምን አድርጎ?" አሉ አባባ።

"ስመኝን በየጠዋቱ እየጠበቀ አንገቱን ይሰብርላታል። አንድ ቃል አይተነፍስም። የእርስዎ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው፣ አፍሮ ነው አልን። እሷም ራሷ፣ 'አባዬ፣ የመሪጌታን ልጅ ኧረ አንድ በሉት' አለችኝ። እንግዲህ ሴት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ትበል?"

አባባ ወደ ጓሮው ዞሩ። ከዛ "ዳዊት" ብለው ተጣሩ።

ከጓሮ መጣ። ጫማውን ሲያጥብ ነበር፣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ገባ። ሻርፑን አውልቆታል። ሦስት ሰዎች በተርታ ተቀምጠው አየ። እኔ በሩ ሥር ነኝ፤ አገጩ መውረድ ሲጀምር አይቻለሁ፣ ዘልዬ ልይዘው ነበር፣ ግን እጄ ላይ ትሪ አለ። ለጋሽ ታደለ ዝቅ፣ ቀና። ለጋሽ ፈንቴ ዝቅ፣ ቀና። ለአያ ስንሻው ዝቅ፣ ቀና።

"ይኸው" አሉ ጋሽ ፈንቴ። "ሳይጠየቅ መለሰ።" ተነሱ። መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

ምርቃት ከተጀመረ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ መሀል የሚገባ የለም። ቤት ቢቃጠል እንኳ ምርቃቱ ያልቅና ነው ውሃ የሚፈለገው። አፋችንም ከእኛ ፈቃድ አይጠይቅም።

"ጋብቻውን የአብርሃምና የሣራ ያድርገው።"

"አሜን" አልን። ዳዊትም አለ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ግን አለ።

"መንገዳቸውን ያቅናው።"

"አሜን።"

"ወጥተው ይግቡ። ባሕር ቢሻገሩ ማዕበል አይንካቸው።"

"አሜን።"

"ይውለዱ፣ ይክበዱ።"

"አሜን" አለች እማዬ ከጓዳ፣ እልልታዋን በመዳፏ አፍና።

ዳዊት እኔን አየኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን ትራም ሲጠብቅ የነበረ ሰው ዓይን ነው። ይሄን ጊዜ ሁለት ነገር ገባኝ። ዝም ካልሁ ወንድሜ ያላጫትን ልጅ ያገባል፣ ስመኝም ያልጠየቃትን ሰው ታገባለች። ከተናገርሁ ደግሞ አባቴ ልጃቸው አንገቱን እንኳ መያዝ አቅቶት እንደመጣ ይሰማሉ፣ ኖርዌይም ለተጠባባቂዋ። ተጠባባቂዋን አውቃታለሁ። ጎበዝ ናት። አልወዳትም።

አፌን ከፈትሁ። የፈራሁ ጊዜ የሚወጣኝ ድምፅ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የሚኒ ሚዲያው።

"ውድ አድማጮቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ" አልሁ።

ጋሽ ፈንቴ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። አባባ ቀስ ብለው ዞሩ።

"ምን አልሽ?"

"ይቅርታ አባቶቼ። ዳዊት አላጨም። ሰላም ሊላችሁ ነው።" ትሪውን ደረቴ ላይ አስጠጋሁት። "ፖላንድ ውስጥ ጥቁር ሰው ጥቁር ሰው ሲያይ እንዲህ ነው የሚያደርገው። እዛ ጥቁር ሰው ጥቂት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሰላም የሚለው የለም፣ ስለዚህ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። እዚህ ሲመጣ አንገቱ መቆም አቃተው። ባጃጁንም ነው፣ በቆሎ ጠባሿንም ነው፣ እናንተንም ነው። ስመኝን ለይቶ አይደለም።" ትራሙን ነገርኋቸው። ተቆጣጣሪውን ነገርኋቸው። እስክስታውን ዘለልሁት፣ አባባ ፊት አይወራም።

ጋሽ ታደለ ነገሩን ሲያመላልሱት ከፊታቸው ላይ ይነበባል።

"ቆይ" አሉ። "ጥቁር ሰው ጥቁር ሰው ሲያይ ነው ያልሽው?"

"አዎ ጋሼ።"

"እና ስመኝን ሲያይ?"

እኔ ዳቦውን አየሁ።

"እኔንስ አሁን ሲያየኝ?"

"ጋሽ ታደለ..."

"እኔ ቀይ ዳማ ነኝ።"

"ድሮ ነበርህ" አሉ ጋሽ ፈንቴ፣ ተቀምጠው። "ፋብሪካ ሳትገባ።"

"ፋብሪካው ጣሪያ የለውም ነበር እንዴ? አንተ ነህ እንጂ ሜዳ ላይ የከሰልኸው።"

"እኔ? እኔ ጠይም ነኝ፣ እናቴ ምስክር።"

"እናትህ ዓይኗ ደካማ ነበር።"

ጋሽ ታደለ የጡረታ ኮታቸውን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰቡ። ጋሽ ፈንቴም ሰበሰቡ። ሁለቱም መስኮቱ ጋ ሄደው ክንዳቸውን ለብርሃን ሰጡ፣ ጎን ለጎን። እውነቴን ነው፣ አንድ ናቸው። አንድ ዓይነት ናቸው። አንድ እንደሆኑም ሁለቱም አዩ፣ ሁለቱም አላመኑም።

"ጋሼ" አለ ዳዊት ከበሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገር፣ "እኔም ቀይ ነበርሁ። ትራም ላይ ሲወጡ ይለቃል።"

ይሄ አልረዳም። ጋሽ ታደለ እጅጌያቸውን አወረዱ። "ስመኝ ከዚህ ሰፈር ቀይ የተባለች ልጅ ናት" አሉ። "ጥቁር ብሎ ሰላም ለሚላት ሰው ልጄን አልድርም።" ያላጫትን ልጅ ተከለከለ ማለት ነው። እኔ በሕይወቴ ዕጮኝነት እንዲህ ቶሎ ሲያልቅ አላየሁም።

"ምርቃቱስ?" አሉ ጋሽ ፈንቴ። ከልባቸው ነው የተጨነቁት። "እኔ እኮ ጨርሻለሁ። ቤቱ በሙሉ አሜን ብሏል። ወዴት ልመልሰው?"

አባባ እዚህ ጋ ተናገሩ።

"ምርቃት አይመለስም" አሉ። "ሌላ መንገደኛ አለን። መንገዳቸውን ያቅናው አላሉም? ወጥተው ይግቡ፣ ባሕር ቢሻገሩ ማዕበል አይንካቸው አላሉም? ለቤዛ ይሁናት።"

ጋሽ ፈንቴ አሰቡበት። "ይውለዱ ይክበዱ ያልሁትስ?"

"እሱ ይቆይላት።"

ትሪውን ለምን እንዳልጣልሁት አላውቅም። እማዬ ናት ከኋላዬ መጥታ የያዘችልኝ መሰለኝ።

ጋሽ ታደለ ኮታቸውን ቆልፈው ወጡ፣ ጋሽ ፈንቴ "እናትህ ራሷ..." እያሉ ተከተሏቸው። አያ ስንሻው ግን ደጁ ላይ ቆዩ። እስከዛ ድረስ አንድ ቃል አልወጣቸውም ነበር። እሳቸውን የሰፈሩ ሰው "ጥቁሩ ስንሻው" ነው የሚላቸው፣ ሌላ ስንሻው ሳይኖር።

"ልጄ" አሉት ዳዊትን፣ "እኔ ሳልሄድ ነው የሆንሁት። በዚህ ነገር ስሰደብም ስጠራም ኖሬያለሁ። በሱ ሰላም ያለኝ ግን አንተ ብቻ ነህ። እስኪ እንዴት ነው የሚደረገው?"

ዳዊት አሳያቸው። አያ ስንሻው ሞከሩ፤ ከወገባቸው ጀምሮ ጎንበስ አሉ፣ ባርኔጣቸው ወደቀ።

"ትንሽ ቀለል ያድርጉት አያ።"

"እንዲህ?"

"እንደሱ።"

ባርኔጣቸውን አራግፈው ደፉና ሄዱ። ዳዊት በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ እኔ ግን አላየሁም አልሁ።

ሁሉም ሲሄድ አባባ ጠሩኝ።

"ወንድምሽ ተቀይሮ ነው የመጣው" አሉ። "መጀመሪያ ቀን ነው ያየሁት። በሰኔ ሻርፕ አይታሰርም። ግን ተቀይሮ ሰላም የሚላቸው ሰዎች በዙ እንጂ አላነሱም። ስለዚህ ሂጂ። የሆንሽውን ሁኚና ነይ፤ ሰላምታ ግን በአፍሽ ስጪ።" ከዛ ደግሞ፣ ከስንት ዝምታ በኋላ፣ "ዳይሬክተሩ ጋ ከመሄድሽ በፊት ስመኝን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ስሟ በዚህ ቤት ሲዞር ዋለ፣ እሷን የጠየቀ የለም።"

ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ያደረግሁት እሱን ነው። ፊቴን እንኳ በቅጡ ሳልታጠብ ቦርሳዬን ይዤ ማዕዘኑ ላይ ጠበቅኋት። ጋዋኗን በክንዷ ይዛ መጣች። እንዴት አደርሽ ተባባልን፣ እናትሽስ፣ አባትሽስ። ከዛ ይቅርታ ጠየቅኋት።

"ሰማሁ" አለች። "አባዬ ሲያኮርፉ አመሹ። እጃቸውን በሎሚ ሲያሹ ነው የተኙት።"

"አንቺ ግን ምን መስሎሽ ነው የነገርሻቸው?"

"አንገቱን ያመመው መስሎኝ ነዋ።" ቆጣ አለች። "ዘንድሮ ነርቭ ተምረናል። በየጠዋቱ ያው አንገት፣ ያው አቅጣጫ፣ አያቋርጥም። አንድ በሉት ያልሁት ሐኪም ቤት ይውሰዱት ብዬ ነው።"

እኔ አጥር ተደግፌ ሳቅሁ። ስመኝ አልሳቀችም፤ እንደ ነርስ ትጠብቀኛለች። ስለ ትራሙና ስለ ሰውየው ነገርኋት።

"እና ይድናል?" አለች።

"እንጃ። የሚተላለፍ ሳይሆን አይቀርም" አልሁ። "እኔም ልሄድ ነው።"

ጋዋኗን ወደ ግራ ክንዷ አዛወረች፣ በቀኝ እጇ ማጅራቴን ያዝ አድርጋ አገጬን አንዴ ወደታች፣ አንዴ ወደላይ መለሰችው።

"ገና ነሽ" አለች።